ባነሩ ላይ ያለው ሰው

ጆቨን ከቀርከሃ በተሠራ መሰላል ላይ ቆሞ የገዛ ፊቱን ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ለማውረድ ይታገላል። ባነሩ በአራቱም ጥግ በሽቦ ስለታሰረ ከቤት ይዞት የመጣው የሽንኩርት ቢላ አልቆረጠለትም። ከላይ በቀይ ፊደል "እንኳን ደህና መጣህ የታላባሃን ኩራት!" ይላል። ከታች ደግሞ "ፕሮፌሽናሉ ጆቨን 'ሲሚንቶ' አባርኬዝ ዛሬ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ለቀበሌያችን ይጫወታል" የሚል አለበት። ከዚያም ከጆቨን ፊት እምብዛም የማያንስ፣ ፈገግ ያለ የቀበሌዋ ሊቀመንበር የኒልዳ ፊት አለ።

"አበልጄ! አብደሃል እንዴ? ውረድ!"

ኒልዳ ራሷ ናት። ቢጎዲኗን እንኳ ሳትፈታ፣ በነጠላ ጫማ መንገዱን አቋርጣ እየሮጠች መጣች።

"ማን ይጫወታል አለሽ?" አላት ጆቨን ከላይ ሆኖ።

"አንተ ነሃ!"

"ጠይቀሽኛል?"

"ለበዓሉ እመጣለሁ አላልክም? ታዲያ ምን ልታደርግ ነው የመጣኸው? ቁጭ ብለህ የአሳማ ጥብስ ልትበላ?"

"አዎ። የአሳማ ጥብስ ልበላ ነው የመጣሁት።"

ጆቨን የኒልዳ ሁለተኛ ልጅ የክርስትና አባት ነው። እውነቱን ለመናገር በታላባሃን ጆቨን ክርስትና ያላነሳለት ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ፕሮፌሽናል ከሆነ ወዲህ ልጅ የወለደ ሁሉ እሱን ይጠራል፤ አርባ አንድ የክርስትና ልጆች አሉት፤ የግማሾቹን ስም አያውቅም።

"ስሚኝ ኒልዳ፣ ውሌ ከሊጉ ውጭ እንድጫወት አይፈቅድልኝም። ክለቡ ይህን ባነር ካየ አለቀልኝ።"

ኒልዳ አፏን በእጇ ያዘች። "ፌስቡክ ላይ ለጥፌዋለሁ እኮ።"

"መቼ?"

"ከትናንት ወዲያ። ስድስት መቶ ሰው ወዶታል። ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅማ አለቀስኩ ብላ ጽፋለች።"

በጣም ከመደንገጧ የተነሳ ጆቨን አዘነላት። በራሱም አፈረ፤ ምክንያቱም የነገራት ውሸት ነበር። የሚያግደው ውል የለውም። ከማክሰኞ ጀምሮ ምንም ውል የለውም።

በማኒላው የቅርጫት ኳስ ሊግ ክለቦች የሚጠሩት ባለቤታቸው በሚሸጠው ዕቃ ስለሆነ ጆቨን አምስት ዓመት ቀለም፣ አራት ዓመት ቤንዚን፣ አምስት ዓመት ደግሞ ሰርዲን ሆኖ ተጫውቷል። በእነዚህ አሥራ አራት ዓመታት ሥራው አንድ ነበር። ለተጋጣሚ ቡድን ከባሕር ማዶ ግዙፍ ተጫዋች ተቀጥሮ በመጣ ቁጥር አሠልጣኙ ወደ ተጠባባቂዎቹ ወንበር ዞር ብሎ "ሲሚንቶ፣ ተነስ" ይላል። ጆቨን ይነሳና ሰውዬውን በደረቱ ይገትረዋል። ለአንድ ጨዋታ ስድስት ፋውል ይፈቀድለታል፤ አንዷን እንኳ ሳያባክን ጨርሶ ተመልሶ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ በፍፃሜ ጨዋታ መቶ ሃያ ኪሎ የሚመዝን ሰው ደረቱ ላይ ወድቆበት ሁለት የጎን አጥንቱ ተሰብሮ ቡድኑ ዋንጫ በልቷል። በማግስቱ ፎቶው ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ የሚታየው ግን ጀርባው ብቻ ነበር። አባቱ ያንን ፎቶ መስታወት አስገብቶ ሳሎን ውስጥ ሰቅሎታል።

ማክሰኞ ዕለት የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ መኪና ማቆሚያው ጋ ጠራው። "ልጆቹ ፈጠኑብን፣ ሲሚንቶ" አለው። ንግግሩ ስምንት ደቂቃ አልፈጀም። ሲጨርስ የመኪናውን የኋላ ዕቃ መጫኛ ከፍቶ ሁለት ካርቶን ሰርዲን አወጣና በእጁ አስታቀፈው።

ወኪሉ ደግሞ በስልክ አስጠነቀቀው። "ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። የጠየቀህ ካለ 'ድርድር ላይ ነኝ' በል። በሁለት ሳምንት ውስጥ የአንዱ ክለብ ረጅም ሰው እግሩን መጎዳቱ አይቀርም፤ ያኔ ይደውሉልናል። ተሰናበተ መባሉ ከተሰማ ግን ማንም አይደውልም። ገባህ?"

ገብቶታል። ጆቨን የፈለገው አንድ ዓመት ብቻ ነበር። ዕድሜው ሠላሳ ሰባት ነው፤ የቀኝ ጉልበቱ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ይለዋል፤ ያም ሆኖ አንድ ዓመት ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን አያውቅም። ሰው ከመገተር በቀር የተማረው ሥራ የለም።

ባነሩን ትቶ ወደ ቤት ሲገባ አባቱ ኢስኮ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሰርዲን እያከፋፈለ ነው። አንዱ ካርቶን ተራግፏል።

"ጌታህ ደግ ሰው ነው" አለ ኢስኮ ጆቨንን ሲያየው። "ሁለት ካርቶን ሙሉ! ለጎረቤቱ ሁሉ አዳረስኩ። ለቄሱ ስድስት ጣሳ ላክሁ። 'ማኒላ ገብቶ ያልረሳን የአንተ ልጅ ብቻ ነው' አሉኝ።"

"ጥሩ አደረግህ፣ አባባ።"

"እስቲ ና ወደዚህ። አንድ ነገር ላማክርህ።"

ኢስኮ በጎኗ የሰው መጫኛ ጋሪ በተገጠመላት ሞተር ሳይክል ሠላሳ ዓመት ሰው ሲያመላልስ ኖሯል። በጋሪው ጣሪያ ላይ የልጁን ቁጥር፣ አርባ አራትን፣ ከሥሩም የክለቡን ስም በትልቁ ይጽፋል። ጆቨን ክለብ በቀየረ ቁጥር አባቱም ስሙን ይቀይራል፤ ሰርዲን ከሚለው ሥር ቤንዚን፣ ከቤንዚን ሥር ደግሞ ቀለም የሚለው አሁንም ደብዘዝ ብሎ ይታያል።

"ዝናቡ ሳይገባ እንደ አዲስ ልቀባት ነው። ሰርዲኑን እንዳለ ልተወው ወይስ ሌላ ክለብ ሊወስድህ ነው?"

ጆቨን ጣሪያውን በመዳፉ ዳበስ አደረገው። "ትንሽ ቆይ፣ አባባ። ድርድር ላይ ነኝ።"

"ድርድር ጥሩ ነው!" አለ ኢስኮ ፊቱ በርቶ። "ድርድር ማለት ይፈልጉሃል ማለት ነው።"

ጆቨን ወደ ውስጥ ገባ። ምሳ ቀርቦ ሲበላ የአሳማ ጥብሱ አልጣመውም።

ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ሜዳው ጢም ብሎ ሞልቷል። ከላይ ቆርቆሮ የለበሰው ይህ ሜዳ የታላባሃን ሁሉ ነገር ነው። ክትባት የሚሰጠው እዚያ ነው፤ ለቅሶ የሚቀመጡት እዚያ ነው፤ ሩዝ የሚሰጣው እዚያው ነው። ጠዋት ሩዙ ተጠርጎ ቢነሳም ፍሬው እዚህም እዚያም ስለቀረ ያልተጠነቀቀ ሰው ይንሸራተታል። የታላባሃንና የተጋጣሚዋ የባይባይ ቀበሌ ቆነጃጅት ኳስ አቅፈው በሰልፍ ገቡ፤ ቄሱ ጸሎት አደረሱ፤ መዝሙር ተዘመረ። ከዚያ በኋላ ነው ታላባሃን አራት ተጫዋች ብቻ እንዳላት የታወቀው።

አምስተኛው መርከበኛ ነበር፤ ጎህ ሲቀድ ከማኒላ ተደውሎ መርከብህ ደርሷል ስላሉት ሻንጣውን ይዞ ሄዷል። ወደ መርከብ ተጠርቶ እምቢ የሚል በታላባሃን የለም፤ ማንም አልተቀየመውም። ስድስተኛው ደግሞ ትናንት ለበዓሉ የባሕር ዛጎል ሲለቅም እግሩን ዛጎሉ ቆርጦት ተሰፍቶለታል።

ኒልዳ አርባ አራት ቁጥር የታተመበት አዲስ ማልያ ይዛ ሰውን እየገፋች ጆቨን ዘንድ ደረሰች።

"አበልጄ፣ ሩብ ሰዓት ነው የቀረን። አምስት ካልሞላን ፎርፌ ነው። በስንት መከራ ለፍፃሜ ደርሰን ሳንጫወት እንሸነፍ?"

"ነገርኩሽ እኮ። ውሌ..."

"ስልካቸውን ስጠኝ፤ እኔ አናግራቸዋለሁ። ሰርዲኖቹን። እግራቸው ላይ ወድቄም ቢሆን አስፈቅዳለሁ።"

"ተይ፣ እንዳትደውዪ!"

"ምን ነካህ? ሰው ናቸው አይደል? በዓል አያውቁም?"

ጆቨን ላብ አጠመቀው። ይህን ሲባባሉ የባይባይ ቀበሌ አሠልጣኝ መምህር ሩፐርቶ የታጠፈ ወረቀት ይዞ መጣ። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው፣ ደንብ ሲያነብ ደስ የሚለው ሰው ነው።

"አንቀጽ ሰባት" አለ። "ውል ያለው ፕሮፌሽናል አይሰለፍም።"

"እዚሁ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው እኮ!" ጮኸች ኒልዳ።

"አውቃለሁ፤ ሂሳብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ጎበዝ አልነበረም። ግን አንቀጽ ሰባት አንቀጽ ሰባት ነው። ማስረጃ ካስፈለገም ይኸው።" ስልኩን አውጥቶ ያነሳውን የባነሩን ፎቶ አሳያት። "'ፕሮፌሽናሉ' ይላል። ያሠራሽው አንቺ ነሽ፣ ሊቀመንበር። ፊትሽም አለበት።"

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ኒልዳ ማልያውን አጣጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችው። ዓይኗ እንባ ሲያቀርር ጆቨን አየ።

የታላባሃን አራት ተጫዋቾች ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበር። አንዱ በረዶ ሻጭ ነው፤ ሁለቱ ዓሣ አጥማጅ ወንድማማቾች ናቸው፤ አራተኛው ፖሊስ ነው። ጆቨንን ቀና ብሎ ያየው የለም። አፍጥጠው ቢለምኑት ይሻለው ነበር። በረዶ ሻጩ የተላቀቀ የጫማ ሶሉን በፕላስተር ጠቅልሎ መጥቷል፤ ጫማውን ማውለቅ ይጀምር አይጀምር ያመነታል።

"መምህር" አለ ጆቨን። "የቀድሞ ፕሮፌሽናልስ ይሰለፋል?"

"የቀድሞ ከሆነማ ምን ችግር አለ? በአሁኑ ሰዓት ክለብ የለኝም ብሎ ቅጹ ላይ ይፈርማል፤ በማይክ ይነገራል፤ በቃ። ግን አንተ..."

"ሲሚንቶ ነው ክለብ የለኝም ብሎ የሚፈርመው?" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። "ሰርዲኑን ገና ሳንጨርስ!"

እንደገና ተሳቀ። ከፊት የተቀመጠች ኮረዳ ሁሉንም ነገር በላይቭ እያስተላለፈች ነው። ጆቨን ስልኳን አየው። ዛሬ እዚህ የተባለ ነገር ሳይመሽ ማኒላ ይደርሳል። የወኪሉ ሁለት ሳምንት፣ የማያውቀው ሰው እግር መጎዳት፣ አንዲቷ ዓመት፣ ሁሉም እዚህ ሜዳ ላይ ያበቃል።

ተነስቶ ወደ አጥሩ ሄደ። ኢስኮ ሞተሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት የተሰጠውን የቀለሙን ቡድን ማልያ ለብሷል።

"አባባ፣ ስትቀባት ሰርዲኑን አጥፋው።"

"ደስ ይበልህ! ማን ወሰደህ?"

"ማንም።"

ኢስኮ ወደ አጥሩ ዘንበል አለ። "መቼ ነው?"

"ማክሰኞ።"

"ሰርዲኑስ?"

"መሰናበቻ ነው።"

ኢስኮ አንገቱን ደፍቶ የሞተሩን መሪ በጨርቅ ይወለውል ጀመር፤ ጠዋት ያጸዳውን መልሶ አጸዳው። "ለቄሱ እንኳ ስድስት ጣሳ..." ብሎ ተወው። ከዚያ "አርባ አራቱንም ላጥፋው?" ሲል ጠየቀ።

"እሱን ተወው።"

"ጉልበትህ እንዴት ነው?"

"አይረባም።"

"እንግዲያው አትዝለል። ቆመህ ገትር።"

ጆቨን ስልኩን አውጥቶ ሰጠው። "ከማኒላ ከተደወለ አታንሳ" አለና ወደ ዳኞቹ ጠረጴዛ ተመለሰ። ቅጹን ተቀብሎ ጎንበስ ብሎ ሞላ። ስም በሚለው ላይ ስሙን ጻፈ፤ ዕድሜ በሚለው ላይ ሳይቀንስ ሠላሳ ሰባት አለ። የአሁኑ ክለብ በሚለው ላይ ብዕሩ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ "የለም" ብሎ ጻፈና ፈረመ።

መምህር ሩፐርቶ አነበበው። ቀልድ መስሎት ወደ ጆቨን ቀና አለ፤ ፊቱን ሲያይ ግን ወረቀቱን ቀስ ብሎ አጠፈው። "በእኛ በኩል ተቃውሞ የለም" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ኒልዳ ማልያውን በሁለት እጇ ዘርግታ ሰጠችው።

አስተዋዋቂው ከጠዋት ጀምሮ ያጠናው ንግግር ነበረው። ማይኩን አነሳና "አሁን ደግሞ ሁላችሁም ስትጠብቁት የነበረው፣ አርባ አራት ቁጥር፣ ጆቨን ሲሚንቶ አባርኬዝ፣ ከማኒላው ከ..." ሲል ዓይኑ ቅጹ ላይ አረፈ። ማይኩን በመዳፉ ሸፍኖ ወደ ጆቨን ተጠጋ።

"ከየት ልበል?" አለው በሹክሹክታ።

ጆቨን ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን በፋሻ ያስራል።

"ከዚሁ በል" አለው።