ደህና ያላለው ሰው

አብዱልሐሊም «ሰውን በሰላምታው አውቀዋለሁ» ይል ነበር። መርሳ ውስጥ ይህን ያልሰማ የለም። ሊገዛ የመጣም ሆነ ሊያስታርቅ የመጣ፣ እሱ ፊት ቆሞ ከቤተሰብ እስከ ከብት፣ ከዝናብ እስከ ቡቃያ ተጠያይቆ ካልጨረሰ አያምነውም። ጦርነቱ ወደ ወልድያ ሲጠጋና የሰፈሩ ሰው በሰሜኑ መግቢያ ኬላ ሲያቆም፣ «ሰው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፣ ይቀመጡበት» ተባለ። ደስ ብሎት ተቀመጠ። ዛሬ የሚያንገበግበው ያ ደስታው ነው።

ነሐሴ መግቢያ ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ አይሱዙ መጥቶ ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ ጎንበስ አለ።

«አሰላሙ አለይኩም አባባ። እንዴት አደሩ? ቤተሰብ ደህና? ልጆች? ከብቱ? አዝመራውስ?»

«ወአለይኩሙ ሰላም። አልሐምዱሊላህ። አንተስ? እናት አባት ደህና?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ደህና።»

ስሙን ሚስባህ ወንድሙ አለ። ከሙስሊም ስም የክርስቲያን ስም ያስከተለ፣ የለየለት የወሎ ልጅ። ጭነቱ የተፈናቃዮች ዱቄት ነው፣ ወደ ውርጌሳ ነው የምወስደው አለ። ዐይኑ አልተሰበረም። አብዱልሐሊም ሸራው እንኳ ሳይገለጥ መርቆ አሳለፈው።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ሰው በእግሩ መጣ። መታወቂያው ላይ ፀጋይ ሀጎስ፣ ሥራው ብረት በያጅ፣ አድራሻው ወልድያ ይላል። አብሮ ይጠብቅ የነበረው ሲራጅ የትግራይ ስም መሆኑን ሲያይ ፊቱን አጠቆረ።

«ሰው በስሙ አይያዝም» አለ አብዱልሐሊም ኮራ ብሎ። «የወልድያ ሰው የእኛው ነው። እንዴት አደርክ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ቤተሰብ ደህና?»

ሰውየው መሬት መሬት አየ።

«ልጆችስ ደህና?»

ላቡን በእጅጌው ጠረገ። «ፋርማሲ ደርሼ ቶሎ መመለስ አለብኝ» አለ በመጨረሻ። እሱ በተራው ስለ አብዱልሐሊም ልጆችም ሆነ ስለ ከብቱ አንዲት ቃል አልጠየቀም።

አብዱልሐሊም ጠረጠረ። በዚያ አገር ቤቱ የሚያፈስበትም፣ ላሙ የሞተችበትም ሰው ሲጠየቅ መጀመሪያ «ደህና» ይላል። ችግሩን የሚያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የማያውቅ የወልድያ ሰው ከየት ይመጣል?

«ይቆይ» አለ።

ፀጋይ «አባባ፣ እባክዎ፣ መንገዱ ሳይዘጋ» እያለ ለመነ። ልመናው ጥርጣሬውን አባሰው እንጂ አልቀነሰውም። ስልክ ስለተቋረጠ የሚጠይቁለት ሰው አልነበረም፤ ግድግዳ ተደግፎ እንዲቀመጥ ተደረገ።

ከቀትር በኋላ የአብዱልሐሊም ሚስት ሁሪያ ምሳ ይዛ መጣች። የተቀመጠውን ሰው አየችና አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ሰላምታ አላበዛችም።

«ማን ነው የታመመብህ?» አለችው።

ያኔ ተናገረ። ልጁ ፊዮሪ የስኳር ሕመምተኛ ናት። የምትወጋው መድኃኒት ወልድያ ውስጥ አልቋል። መርሳ ያለ አንድ ባለ ፋርማሲ ሁለት ብልቃጥ አስቀምጦለታል።

«ታዲያ ሲጠይቁህ ለምን አልተናገርክም?»

«ልጆች ደህና ወይ አሉኝ፣ እናቴ። ደህና ናት ብል የካድኳት መሰለኝ። ደህና አይደለችም ልልም አፌ እምቢ አለኝ።»

ሁሪያ ወደ ባሏ ዞረች። «ለከብቱና ለአዝመራው ጊዜ ካልጠፋ፣ ምን ሆነህ ነው ቢሉት ምን ነበረበት?»

አብዱልሐሊም ራሱ እየመራ ወደ ፋርማሲው ወሰደው። መድኃኒቱ ተገኘ። መኪና ግን አልተገኘም፤ ሲሪንቃ ጋ ተኩስ ተከፍቶ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ፀጋይ ብልቃጦቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ በማሳ መሀል በእግሩ ሄደ። አብዱልሐሊም «አላህ ያድርስህ» ሊለው ፈልጎ አፈረ።

በማግስቱ ከወልድያ የሸሹ ሰዎች ወሬ ይዘው መጡ። ያ ዱቄት ከተፈናቃዮች መጠለያ የተሰረቀ ነው። ሹፌሩም ሚስባህ የሚባል ሰው አይደለም። ሰው ቢስቅበት ይሻለው ነበር፤ ማንም አልሳቀበትም።

መርሳም ወልድያም ተይዘው በከረሙባቸው ወራት፣ አብዱልሐሊም «በስሙ አልያዝኩትም» እያለ ራሱን ሊያጽናና ይሞክር ነበር። ግን ያ ሚስባህ ነኝ ያለው ሰው እንደዚያ መሬት እያየ ዝም ቢል ኖሮ፣ «ምነው ልጄ፣ ምን ሆነሃል?» አይለውም ነበር? ይለው ነበር። እዚህ ላይ ሲደርስ መጽናናቱ ይቀራል።

መንገዱ ሲከፈት በሚኒባስ ወልድያ ሄደ። አንድ ባለ ባጃጅ የፀጋይን ብየዳ ቤት አሳየው። ፀጋይ ገና ሲያየው ብድግ አለ።

«አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? ቤተሰብ ደህና? ባለቤትዎ ደህና ናቸው? ልጆች? ከብቱስ?» ዐይን ዐይኑን እያየ፣ ሳያቋርጥ ጠየቀው።

ከኋላው ሚስቱ ትርሓስ በሩ ላይ ተቀምጣለች። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች።

«አልሐምዱሊላህ» አለ አብዱልሐሊም። አሁን የመጠየቅ ተራው የእሱ ነበር። «ፊዮሪስ፣ ልጄ? ደህና?»

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ፀጋይ ቶሎ ብሎ። ትርሓስ የሻሿን ጫፍ ወደ ዐይኗ ሳበች።

ሰው አውቃለሁ ሲል የኖረው አብዱልሐሊም ይህችን ውሸት አወቃት። ለፀጋይ ያስተማረው እሱ ራሱ መሆኑንም አወቀ። አፉ ግን እንደለመደው «አልሐምዱሊላህ» አለ።