የጓዳው መስመሮች

«መምህሩ ኮዱን የሚያፈራርሱት ስማችንን ሊያጠፉ ነው» ይላል ፋርማሲስቱ። ሰኞም ይላል፣ ሐሙስም ይላል። ማን ነገረህ ሲሉት «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» ብሎ ያልፋል።

ኮዱ ቤተ መጻሕፍት በነፃ የሚገለገሉበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። የሚሠሩትም ከእንጀራቸው የተረፈ ሰዓት ያላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ፋርማሲስቱም መምህሩም ከእነሱ ናቸው። የፍለጋውን ክፍል የጻፈችው በምላሷ ስለት መርፌ የሚሏት ልጅ ናት። አንድ ፋይል ነው፤ ግን ያልጠቀጠቀችበት ነገር ስለሌለ ሁሉም «ጓዳው» ይሉታል። ዲግሪ የላትም። ወንድሟ በጣለው ላፕቶፕ ለብቻዋ ነው የተማረችው። ሥራ ስታመለክት የምታሳየው ማስረጃ ኮዱ በሚቀመጥበት ድረ ገጽ በየመስመሩ ጎን የተጻፈው ስሟ ብቻ ነው።

ታዲያ ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር ጓዳውን ወደ ትንንሽ ፋይሎች ከፋፍለው ረቂቁን አቀረቡ። መርፌ ድረ ገጹን ከፍታ አየች። በየመስመሩ ጎን የእሳቸው ስም።

ደወለችላቸው። «ጋሼ፣ ቤቴን ሲያጸዱ እኔንም አብረው ጠረጉኝ?»

«አንድ ቃል አልነካሁብሽም፣ ልጄ። ቦታ ነው የቀየርኩት። አዲስ ሰው ጓዳሽ ከገባ እኮ መውጫው ይጠፋዋል።»

«ስሜስ?»

«እዚያው አለ። ረጋ ብለሽ እይው።»

ረጋ ብለሽ! እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይኼ ነው፣ አለች በልቧ።

በሕጋቸው፣ የጻፈው ሰው «ይሁን» ካላለ ኮዱ አይነካም። መርፌ «ይሁን» አላለችም። መምህሩ ረጅም ማብራሪያ ጻፉላት፤ «ለተማሪዎችዎ ያስረዱ» ብላ መለሰች፣ ሳታነበው። ፋርማሲስቱም የራሱን ክፍል ከለከለ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። መምህሩ ሲለምኑ ከርመው «በቃ፣ ደከመኝ» ብለው ወጡ።

ጓዳው ውስጥ ገብቶ የሚጠግን ጠፋ። ስህተቱ ሲበዛ ቤተ መጻሕፍቱ ወደ ሌላ ፕሮግራም ዞሩ፣ ፋርማሲስቱም ወደ ሌላ ወሬ።

መርፌ በመጨረሻ አንድ ቢሮ ተፈትና ገባች፤ በየመስመሩ ስለተጻፈው ስሟ የጠየቃት አልነበረም። እዚያ ነው አንድ ባልደረባዋ ስለ ሌላ ጉዳይ ሲያወራ እንዲህ ያላት፦ «ፋይል ሲከፋፈል ድረ ገጹ የሚያሳይሽ ያዛወረውን ሰው ነው። የጻፈውን ከፈለግሽ ኮምፒውተሩን በትእዛዝ መጠየቅ አለብሽ።»

ማታ ቤቷ የመምህሩን አሮጌ ሥራ አወጣችና ትእዛዙን ጻፈች። በሁሉም ፋይል፣ ከላይ እስከ ታች፣ የእሷ ስም ነበር።