የፊታውራሪ ቤት ምድጃ

በኮን ከተማ ዳርቻ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ የቆመው የፊታውራሪ ምስጋኑ ፎቅ ቤት ላየው ያምራል፤ ለተቀመጠበት ግን ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የመሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ ቤቱ የገበሬ ማኅበሩ ሆነ። ፊታውራሪም ብዙ ሳይቆዩ ታመው አረፉ። ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ወለተ ሐና ከግንቡ ጋር ተለጥፋ የተሠራችው ማድ ቤት ተተወችላቸው። ምድር ቤቱ የማኅበሩ ገብስ ማከማቻ፣ ፎቁ የመሠረተ ትምህርት ክፍል ሆነ።

ቁልፉን የያዘችው ይማርሽ ናት። ከልጅነቷ ጀምራ በዚያ ቤት አገልግላለች፤ አሁን ቀን ትጠርገዋለች፣ ከሰዓት በኋላ ከሌሎቹ ጋር ተቀምጣ ፊደል ትቆጥርበታለች። «ለምን?» ማለት የማይሰለቻት ሴት ነበረች።

የኅዳር ውርጭ ሲጠና ሽማግሌ ተማሪዎቹ ከትምህርቱ ቀሩ። መምህሩ፣ ከላሊበላ የመጣው ወጣቱ ሀብተ ሥላሴ፣ በጥጉ ወደቆመው ጥቁር የብረት ምድጃ እያመለከተ፣

«እትዬ ይማርሽ፣ ይሄ ነገር ይሠራል?» አላት።

«እኔ እንጃ፣ መምህር። ጣሊያን ትቶት የሄደ ነው ይላሉ። ፊታውራሪ ባርኔጣቸውን ነበር የሚያኖሩበት። ሲነድ አይቼው አላውቅም።»

የባሕር ዛፍ ጭራሮ ሞልተው ለኮሱት። ጭሱ በቧንቧው ሽቅብ መሄዱን ትቶ ተመልሶ ክፍሉን ሞላው። ተማሪው ሁሉ እየሳለ፣ ዓይኑን እያሸ ደረጃውን ወረደ። «ቤቱ ጌታውን እንጂ እኛን አልወደደም» ያለም አልጠፋ።

ይማርሽ ግን ነገሩ ከነከናት። ቧንቧው ግንቡ ውስጥ ይገባል፤ ከገባ መውጫ አለው፤ መውጫ ካለው ጭሱ ለምን ይመለሳል? በማግስቱ ረፋድ ላይ ብቻዋን ወጥታ ግንቡን በጣቷ እያንኳኳች ሄደች። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ባዶ ሆነ። ጆሮዋን ለጠፈች። ከውስጥ አንድ ነገር በቀስታ ያጉረመርማል።

ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታውቅም። ማድ ቤት ገብታ፣

«እሜቴ! ግንቡ ውስጥ ሰው አለ!» አለች።

«እሜቴ አትበይኝ፤ የማኅበሩ ሰዎች ሰምተው ያስጠይቁሻል» አሉ ወለተ ሐና። ከዚያ ፈትሉን ከእጃቸው አኖሩ። «አንቺም ሰማሽው?»

«እርስዎም ይሰሙታል?»

«ፊታውራሪ ካረፉ ወዲህ እሰማዋለሁ። ፀሐይ ሞቅ ስትል ይጀምራል፤ ሲመሽ ዝም ይላል። ዳዊት ሲደግሙ እንዲህ ነበር ድምፃቸው። አበደች እንዳልባል ብዬ ለማንም አልተናገርሁም።»

ይማርሽ አዘነችላቸው። ግን አፏን መያዝ አቃታት።

«ፊታውራሪ ዳዊት የሚደግሙት ማታ ማታ አልነበረም እንዴ? አሁን ሲመሽ ለምን ያቆማሉ?»

ወይዘሮዋ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ፤ ቤቱ ከተወረሰ ወዲህ ረግጠውት ወደማያውቁት ፎቅ ከፊቷ ወጡ።

ይማርሽ ቧንቧውን ከግንቡ ነቅላ በቀዳዳው ረጅም እንጨት ሰደደች። የሚለሰልስ ነገር ነካች፤ ወጋ ስታደርገው ጭስ ያጠቆረው የማር እንጀራ ቁራጭ ወለሉ ላይ ዱብ አለ። አንዲት ንብ አብራ ወጥታ እየተንገዳገደች በወለተ ሐና ነጠላ ጥለት ላይ አረፈች።

«ንብ!» አሉ።

ይማርሽ እንጨቱን እንደያዘች ደረቀች። ምነው ባልነካሁት አለች በልቧ። ወይዘሮዋ ንቧን ትኩር ብለው አዩ፤ ከዚያ ሳቁ።

«ወይ ጉዴ! ለንብ ነው እንዴ ጧት ጧት ‹እንዴት አደሩ› ስል የኖርሁት?»

እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ይማርሽም አብራ ሳቀች፤ እንባው የሳቅ ይሁን የልቅሶ ግን መለየት አልቻለችም።

ንብ አርቢው ፈንታው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጣራ ላይ ወጣ። በገደሉ በኩል፣ ማንም በማያየው ጎን፣ የጭስ ማውጫው አፍ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድኖ ንቦቹ በስንጥቁ ይመላለሱ ነበር። ድንጋዩን አንሥቶ፣ በኩበት ጭስ አረጋግቶ፣ አውራዋን ከነመንጋዋ ወደ ቀፎ አዛወረ። ማሩ በገበታ ወረደ።

«ቤቱ የማኅበሩ ነው፤ ማሩም የማኅበሩ ነው» አለ ሊቀ መንበሩ አለሜ፣ ለተሰበሰበው ሰው ሊያካፍል ቢላዋ እያነሣ።

«እኔስ የማኅበሩ አይደለሁም?» አሉ ወለተ ሐና ከበሩ ሆነው።

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። አለሜ ቢላዋውን እንደያዘ ትንሽ አቀረቀረ። ከዚያ ነጩን የማር እንጀራ ቆርጦ በሁለት እጁ አቀረበላቸው። «ይቅመሱ» አለ።

በማግስቱ ምድጃው ሲነድ ጭሱ ሽቅብ ነጎደ። በጭስ ማውጫው ግድግዳ የቀረው ሰም እየቀለጠ ክፍሉን የማር ሽታ ሞላው። ሽማግሌዎቹም ተመለሱ፤ እያንዳንዱ ከቤቱ አንድ አንድ ፍልጥ ይዞ ይመጣ ጀመር። ሆኖም እግራቸው ይቀዘቅዝ ነበር። ይማርሽ አግዳሚ ወንበር ላይ ቆመች፤ ፊቷን ወበቅ መታው። ወረደች፤ ብርድ። ደግማ ወጣች።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አሏት ሽማግሌዎቹ።

«ሙቀቱ እኛን ትቶ ጣራውን ያሞቃል!»

ወለተ ሐና ይህን ሲሰሙ የፊታውራሪን የዘመቻ ድንኳን ከማድ ቤቱ ቆጥ አስወረዱ። ሸራውን ከግንብ እስከ ግንብ፣ ሰው እጁን ቢዘረጋ በሚነካው ቁመት ወጠሩት። ሙቀቱ ወደ ጣራው መውጣቱን ትቶ ከሸራው ሥር ቀረ። ወይዘሮዋም ወደ ማድ ቤታቸው ሊመለሱ ሲሉ ይማርሽ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው። ማንበብ እንጂ መጻፍ አልተማሩም ነበርና እርሳስ ያዙ።

በበጋው ማለቂያ ይማርሽ ያገኘችውን ጽሕፈት ሁሉ ታነብ ነበር፤ የገብሱን ጆንያ፣ የክብሪቱን ቀፎ። አንድ ቀን አመዱን ስታወጣ በምድጃው በር ላይ ጎበጥ ጎበጥ ያሉ ምልክቶች አየች። በጨርቅ ወልውላ ተጠግታ አየቻቸው፤ ጎንበስ ብላ በሌላ በኩል ሞከረቻቸው። ‹ሀ›ም አይደሉ፣ ‹ለ›ም አይደሉ።

«መምህር፣ ይሄ የማን ፊደል ነው?»

«የፈረንጅ ነው፣ እትዬ ይማርሽ።»

«ምን ይላል?»

ሀብተ ሥላሴ አጎንብሶ ፊደላቱን ቆጠረ፤ ቃሉን ግን አላወቀውም። «የሠሪው ስም ይሆናል፤ ወይም የአገሩ» አላት።

ይማርሽ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። «እንግዲያስ እሱንም ፊደል ያስቆጥሩኝ» አለች።