የአላጄ ስስ አየር

ኡሙሀኒ ከወሎ መጥታ መቐለ ከሰፈረች ጀምሮ ሥራዋ ያው ነበር፤ አሞሌ ጨው በበቅሎ ጭና ወደ አላጄ ተራሮች ትወጣለች፣ ጥቂት ሰንብታ ገብስና የበግ ጠጉር ይዛ ትመለሳለች። ባሏ ከሞተ በኋላም መንገዱን አልተወችም። ጣሊያን አገሩን ይዞ መኪና በአዲሱ መንገድ መመላለስ ሲጀምር እንኳ፣ መኪና የማይደርስባቸው የደጋ መንደሮች የእሷ ደንበኞች ሆነው ቀሩ። እዚያ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ እንግዳ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ራሱን ያዞረዋል። እሷንም መጀመሪያ ያማት ነበር፤ ኋላ ለመደችው።

በ1931 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ ገበያ መሀል ጨው ስታስጭን ደረቷ ላይ ቋጥኝ የተጫነባት ያህል ከበዳት። ሕመሙ ወደ ግራ ክንዷ ወረደ፤ ላብ አጠመቃት። የባሏ ታናሽ ወንድም አብዱሰመድ ደግፎ ሐኪም ቤት አደረሳት።

ሐኪሙ መቐለ አጠገብ ቁሓ ላይ የሚያርፉትን የአውሮፕላን ነጂዎች ይመረምር የነበረ ጣሊያናዊ ነው። ብዙ ቀን አስተኛት። ከአልጋ ስትነሳ ደረቷን ደግሞ ደጋግሞ አዳመጠ፣ እግሯ ማበጥ አለማበጡን በጣቱ ተጭኖ አየ፤ ከዚያ ለአስተርጓሚው ለወልደአማኑኤል ብዙ ነገር ተናገረ።

ወልደአማኑኤል ወደ እሷ ዞረ። «እመት ኡሙሀኒ፣ ‹እንዲህ ያለ ሕመም የያዘው ሰው ቢተርፍም ልቡ ይደክማል፤ የእርስዎ ግን ብዙም አልተጎዳም› ነው የሚለው።»

«ተራራው ነው ልቧን የበላው!» አለ አብዱሰመድ። «ስንት ጊዜ ነገርኳት!»

ይህ ሲተረጎምለት ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «ምናልባት ያተረፋት እሱ ይሆናል» አለ በአስተርጓሚው አፍ። «አየሩ ወደሳሳበት ወጥቶ መመለስ፣ ደግሞ መውጣት፣ ልብን በጥቂት አየር መኖር ሳያለማምደው አይቀርም። አሥመራ ነጂዎችን በተዘጋ ክፍል አስገብተው አየሩን እያሳሱ የሚሞክሩ ጓደኞች አሉኝ። እርግጠኛ ግን አይደለሁም። አሥመራ ልውሰዳትና እዚያው ክፍል ውስጥ እንመርምራት።»

ኡሙሀኒ ነጠላዋን አጣፋች። «በለው» አለች፣ «አገሬን የያዘብኝ ሰው ቤት ቆልፎብኝ አየሬን ሊሰፍርልኝ አይችልም። ልቤን ማየት ከፈለገ አላጄ ይምጣ።»

ወልደአማኑኤል ፈራ፤ አለስልሶ ሊተረጉም ሲጀምር «እንዳልኩት በለው!» ብላ ጮኸችበት። አለው። ሐኪሙ ፊቱ ቀላ። በመጨረሻ፣ «ቢያንስ ክረምቱን ቤቷ ትረፍ» አለ። «የታመመ ልብ ይዛ አሁን ብትወጣ ያው አየር ይገድላታል።»

ይህንን ሰማችው። ክረምቱን ሙሉ ቤቷ ተቀመጠች፤ መቀመጡ ከሕመሙ በለጠባት። አንድ ጧት ከበረቱ ድምፅ ሰምታ ብትወጣ፣ አብዱሰመድ በቅሎዎቿን ለማታውቀው ሰው ሸጦ ሊያስረክብ ልጓም ይዞ ቆሟል።

«እታለም፣ አንቺን ብዬ ነው» አለ እያፈረ። «ወንድሜን ቀብሬያለሁ። አንቺን ደግሞ ከገደል ላይ ማንሳት አልችልም።»

«እኔን በቁሜ ቅበር ያለህ ማን ነው?» ልጓሙን ከእጁ ነጠቀችው። «ስሞት ትሸጣቸዋለህ። ዛሬ አልሞትኩም።»

ሰውየው ጠብ ፈርቶ ሄደ። አብዱሰመድ ግን ቆመ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ይህን ስታይ ድምፅዋ ረገበ። «ከፈራህልኝ አብረኸኝ ውጣ» አለችው።

በጥቅምት ወጡ። እንደ ድሮዋ አልቸኮለችም፤ ዳገቱ ሲጀምር አደረች፣ ከፍ ብላ ደግሞ አደረች። ከላይኛው መንደር በታች ያለው አቀበት ላይ ደረቷ በኃይል ሲመታ ሞት ሞት ሸተታት። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አብዱሰመድ «እንመለስ» አለ፤ እሱም ትንፋሹ ተቆራርጦ ቃሉን መጨረስ አቅቶታል። ልቧን አዳመጠች። ቀስ በቀስ ሰከነላት፤ ሕመሙም አልመጣም። ተነስታ የፊተኛዋን በቅሎ ነዳች።

መንደሩ ሞታለች ብሎ አልቅሶላት ኖሯል። ሴቶቹ ሲያይዋት እየጮኹ ወጡ፤ አንዷ አቅፋት መልቀቅ እምቢ አለች።

«እኅቴ፣ በቃ ልቀቂኝ» አለች ኡሙሀኒ እየሳቀች፣ «ጨዉን ላራግፍ።»