በረኪና የነካው ከል

የሌዘሩ ጨረር በጥቁሩ ጨርቅ ላይ ወዲያና ወዲህ እያለ የገብስ ዛላ ይስላል። የትምወርቅ ጨርቁን ልታስተካክል እጇን ስትሰድ አሳምነው ጮኸባት።

«ኧረ አትንኪው! ይዛነፍብናል!»

እጇን ሰበሰበች። ዛላው ወገቡ ላይ እንደደረሰ መብራት ጠፋ።

«አቦ! ይሄ መብራት ሰው ሲሠራ ማየት አይወድም» አለ አሳምነው፤ ማሽኑን በመዳፉ መታ አድርጎ።

አሳምነው መካነ ሰላም ላይ በዚህ ማሽን ማህተምና የመሸለሚያ እንጨት ሲቀርጽ የኖረ ሰው ነው። ጨርቅም በሌዘር ይሳላል ብላ ያስጀመረችው ልብስ ሰፊዋ እጮኛው የትምወርቅ ናት። መጀመሪያ ጨርቁ ተበሳ፤ ቀጥሎ ተቃጥሎ ተኮማተረ። ኋላ ኃይሉን ዝቅ ሲያደርጉት የላይኛው ቀለም ብቻ ተነሥቶ ፈዘዝ ያለ ሥዕል ወጣ። እሷም በበኩሏ ስፌት ቤቷ ውስጥ በበረኪና ትሞክራለች። ጥቁር ጥጥ በረኪና ሲነካው ወዲያው ነጭ አይሆንም፤ እንደ ዛገ ቆርቆሮ ይቀላል። ሁለቱን አጣምራ ማንም ያላወጣውን ጥለት ማውጣት ነው ሐሳቧ።

ሰርጋቸው ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል። ያልተቆረጠው የእናቷ የአልታዬ ነገር ነው። ወንድ ልጇ፣ የየትምወርቅ ወንድም ዋለ፣ በድንገተኛ ሕመም ከሞተ ወዲህ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ከየትምወርቅ ጋር ትኖራለች፤ ጥቁር የሐዘን ልብሷን፣ ከሏን፣ ግን አላወለቀችም። ሙት ዓመቱ ወጣ፤ ሌላም ዓመት ተደገመ። ዘመዶች ነጭ ቀሚስ ይዘው ከወግዲ ድረስ መጥተው ቀሚሱን ይዘው ተመለሱ። «ከሌን አላወልቅም። ከል ለብሼም ሰርግ ቤት አልገባም። እናንተ ተሞሸሩ፤ እኔ ቤት እጠብቃለሁ» ብላ ቁርጡን ነግራቸዋለች። እናት በሕይወት እያለች ያለ እናት መዳር ምን ይባላል! የትምወርቅን የሚያስጨንቃት ይህ ነው።

መብራቱ አልመጣ ሲል መኖሪያዋም ወደ ሆነው ስፌት ቤቷ ተመለሰች። አልታዬ ለቅሶ ልትደርስ ከሏን በከሰል ካውያ ተኩሳ እያጠፈች ነበር። ቤቱ በረኪና በረኪና ይሸታል፤ ሙከራው ከተጀመረ ወዲህ ግን ያልሸተተበት ቀን የለም።

«በምን ረጭተሽ ተኮስሽው እማዬ?»

«በውሃው ነዋ! በምን እረጫለሁ?»

ጠረጴዛው ላይ ክዳናቸው በመርፌ የተበሳ ሁለት የሃይላንድ ውሃ ጠርሙሶች አሉ። በአንዱ የካውያ ውሃ፣ በሌላው የቀጠነ በረኪና ነው ያለው። የውሃው ሙሉ ነው። የጎደለው ሌላው ነው።

የትምወርቅ ከሉን ነጥቃ ባልዲ ውስጥ ነከረችው፤ አሸችው፤ ደግማ አለቀለቀችው። ግን ዘግይታ ነበር። የተጨማደደው ታችኛው ዘርፉ ብቻ ስለነበር የተረጨውም እሱ ነው፤ ዙሪያውን ቀይ ነጠብጣብ ሆኖ ቀረ።

አልታዬ አየችው። ብዙም አልጮኸችም።

«አውቀሽ ነው» አለች።

«ማርያምን እማዬ! ረስቼ ነው ጎን ለጎን ያስቀመጥኳቸው።»

«ዘመድ መጥቶ ያልሆነልሽን በመድኃኒት ጨረስሽው። ሰርግሽ እንዲያምርልሽ ልጄን አስወለቅሽኝ።»

የትምወርቅ ያንን ከል እሳት በበላው ብላ የተመኘችበት ቀን ነበር። ስለዚህ አፏን ሞልታ ልትምል አልቻለችም፤ አፈረች።

አሳምነው በዚህ መሃል በግማሽ የቀረውን ጨርቅ ይዞ ገባ። ነገሩን ሲሰማ እንደ ልማዱ ሊያጽናና ሞከረ።

«አብሽሩ እትዬ! እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።»

«አንተ ዝም በል! ደጋሹ አንተ ነህ።»

አሳምነው ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ በሩ አፈገፈገ። የትምወርቅ ነጠላዋን አጣፋች።

«ገበያ ወርጄ ጥቁር ቀለም አመጣለሁ። እነክረዋለሁ፤ እንደነበረ ይሆናል።»

«ሰርጉስ?» አላት አሳምነው በሹክሹክታ።

«ሰርጉ የኔ ነው። ሐዘኑ የሷ ነው፤ እኔ አልቀማትም።»

ቀለሙን ገዝታ ተመለሰች፤ ከሰሉን አቀጣጥላ ውሃ ጣደች። አልታዬ እርጥቡን ከል ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ አሳምነው ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠውን ቁራጭ በእጇ ይዛ ተቀምጣለች፤ እሱ ገና በሩ አጠገብ ቆሟል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሌዘር የሳለው ነው።»

«ገብስ ነው?»

«አዎ፣ ገብስ ነው።»

«ምነው ወገቡ ላይ ቀረ?»

«መብራት ጠፋብን።»

አልታዬ ጣቷን በዛላው ላይ አስኬደች። «ዋለም ዘርቶ ሳያጭድ ነው የሄደ» አለች። እንባዋ መጣ፤ በመዳፏ ጠረገችው። ስሙን ሳታለቅስ ስትጠራ የትምወርቅ ሰምታ አታውቅም። አልታዬ ዛሬም ያለ እንባ አልጠራችውም፤ ዛሬ ግን ካለቀሰች በኋላ ወሬዋን ቀጠለች።

«የዚያን ዓመት አዝመራ የሰው እጅ ነው የሰበሰበው። አምሮም ነበር።»

ውሃው ፈላ። የትምወርቅ የቀለሙን ከረጢት ልትቀድ ስትል አልታዬ ተነሣች።

«ቆይ እስቲ።»

ከሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የየትምወርቅን የስፌት ጠመኔ አንሥታ ከጉልበቱ በታች ዙሪያውን መስመር አሰመረች።

«ከዚህ በላይ እንዳይነካ፤ የዋለ ነው» አለች። «ከዚህ በታች ይሄንኑ ገብስ ሳሉበት። ሙሉውን፤ ወገቡ ላይ እንዳታስቀሩት።»

የትምወርቅና አሳምነው ተያዩ።

«ምን ታፈጣላችሁ? መብራት ከመጣ ለዳግማይ ይደርሳል?»

የትምወርቅ ያልተቀደደውን ከረጢት መሳቢያ ውስጥ ከታ ድስቱን ከእሳቱ አወረደች።