ፌንጣዎቹ በየት በኩል ሞቱ?

ፒስተኑን ክሮም አስነክሮት መጣ። የወንድሜን ፒስተን!

ወሬዬን ከዚህ የምጀምረው ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ወንድሜ ዴልበርት በገዛ እጁ ገጣጥሞ የሠራት ጣሪያ የሌላት ፎርድ ነበረችው። አንድ ቀን አጉል ሲያስጋልባት ከሞተሯ ፒስተኖች አንዱ መሃሉ ተበሳ። ዴልበርት አልጣለውም፤ ከነጥቀርሻው ጣውላ ላይ ቸንክሮ ሳሎን አስቀመጠው። ሲሞት የከተማችን ሰዎች ያንን ፒስተን ዋንጫ አደረጉት። ሐምሌ ላይ በምናደርገው የአሮጌ መኪኖች ትርኢት፣ በራሱ ጎማ ተነድቶ ከሁሉ ሩቅ ለመጣ መኪና ይሰጣል። ተጭኖ የመጣ አይወዳደርም። ሦስት ዓመት ተከታትሎ ያሸነፈ ግን ጠቅልሎ ይወስደዋል።

ግራንት ፔታዌይ የሚባለው የሞንታና ሰው አምናና ካቻምና አሸንፏል። ዘንድሮ ዋንጫውን ለውድድር ሲመልሰው ጥቀርሻውን አጥቦ፣ ቀዳዳውን ደፍኖ፣ እንደ ሠርግ ማንኪያ አብለጭልጮታል።

"አሳመርኩላችሁ አይደል?" አለኝ፤ ምስጋና እየጠበቀ።

"ቀዳዳው የት ሄደ?"

"ቀዳዳ ምን ያደርጋል? ቤቴ የሚቀመጥ ዕቃ ማማር አለበታ!"

ቤቴ ይላል እንዴ ገና ሳይሸለም!

የሚፎካከረው ደግሞ ማንን መሰላችሁ? የወንድሜን ሚስት ቬርናን። ኒው ሜክሲኮ ልጇ ጋ ገብታ ከኖረች ወዲህ በየዓመቱ ያችኑ ፎርድ እየነዳች እኛ ጋ ካንሳስ ድረስ ትመጣለች። ዘንድሮም አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጦ፣ ፀጉሯ የወፍ ጎጆ መስሎ፣ ጥርሷ መሃል ትንኝ ይዛ ከች አለች። ምን ዋጋ አለው፤ ሞንታና ይርቃል።

"ተዪው ቬርና፣ ሌላ ዋንጫ እንሠራለን" አልኳት።

"ሌላ ዴልበርት አለህ?" አለችኝ።

ጥያት ሄጄ የፔታዌይን መርኩሪ መዞር ጀመርኩ። መኪናው ወይን ጠጅ ነው፤ ጣሪያው ተቆርጦ ዝቅ ብሏል፣ አፍንጫው መሬት ሊልስ ምንም አልቀረው። የፊት ፍርግርጉ ላይ ጥቂት ቢራቢሮዎች ተለጥፈዋል። "ከሞንታና እዚህ ድረስ የበላኋቸው ናቸው!" እያለ ያሳያል። ሕዝቡም የቀበቶው ብረት ቀለሙን እንዳይጭር ሆዱን በእጁ ሸፍኖ ከፊት ከፊት ፎቶ ያነሳል። ወደ ኋላ ዞር ያለ የለም። እኔ ዞርኩ።

የኋላው መስታወት በችኮላ ተወልውሏል። ላስቲኩ ጠርዝ ላይና የመብራቶቹ ስንጥቅ ውስጥ ግን ፌንጣ በፌንጣ ላይ ተደፍጥጧል፤ ክንፍ፣ እግር፣ ቢጫ ሆድቃ። እንግዲህ በወጉ የሚነዳ መኪና ፌንጣ የሚገጨው በፊቱ ነው። በቂጡ የሚገጨው ተሳቢ ላይ ወደ ኋላ ዞሮ የተጫነ ነው! አፍንጫው መወጣጫውን እንዳይፍቅ ብሎ በቂጡ ጭኖታል ሰውዬው! እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ፤ ቀጣፊን እኔ ሳላውቅ ማን ሊያውቅ ነው?

ወደ ዳኛዋ ሮጥኩ። ቲቸር ዊልማ ትምህርቴን ጥዬ እስክጠፋ ድረስ ያስተማሩኝ ሴት ናቸው። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው።

"ላይል፣ አምና ነፋሱ ጥላህን ከግድግዳ ላይ ነቅሎ ነብራስካ ወሰደው ብለኸኝ ነበር" አሉ ቀና እንኳ ሳይሉ።

"እሱ ሌላ ነው ቲቸር! ጥላዬም ተመልሷል!"

"ሂድ ልጄ፣ ጥላ ፈልገህ ተቀመጥ።"

ለሌሎችም ነገርኩ። ስዋሽ ቢራ የሚጋብዙኝ ሰዎች፣ እውነት ስናገር ትከሻዬን መታ መታ አድርገው አለፉኝ። እሺ! ውሸት ነው የምትወዱት? እንካችሁ ውሸት!

ሽልማቱ ሊጀመር ሲል ድምፅ ማጉያውን ከቲቸር ዊልማ እጅ መነተፍኩ።

"ወገኖቼ! እንዲህ ያለ ሹፌር እናት አልወለደችም! ግራንት ፔታዌይ ከሞንታና እዚህ ድረስ የመጣው በኋላ ማርሽ ነው! አንገቱን እንደ ጉጉት አዙሮ! ዋዮሚንግ ላይ ፖሊስ ቢያስቆመው፣ ‹ይቅርታ ጌታዬ፣ እየሄዱ መስሎኝ ነበር፣ ለካ እየመጡ ኖሯል› ብሎ ለቀቀው!"

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ፔታዌይም እየሳቀ እጁን አውለበለበ።

"ካላመናችሁኝ ቂጡን እዩ! ፌንጣዎቹ ይመስክሩ!"

እየሳቁ ሄዱ። ሳቁ መጀመሪያ መኪናው ጋ የደረሱት ላይ ጠፋ፤ ከዚያም ከኋላ ካሉት ላይ። አንድ ስንዴ ገበሬ ከመብራቱ ስንጥቅ የፌንጣ እግር በጥፍሩ ፈልፍሎ ወደ ፀሐይ አነሳው።

"ገና አልደረቀም" አለ።

"ነፋስ ነው ያመጣው!" አለ ፔታዌይ።

"አዎ፣ ያ ጥላዬን የወሰደው ነፋስ" አልኩት።

ቲቸር ዊልማ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ፔታዌይ ዞሩ። "ልጄ፣ ተሳቢህን የት አቆምከው?"

አፉ "የምን ተሳቢ?" አለ። ዓይኑ ግን ሳያስበው ወደ እህል ጎተራው ሮጠ፤ እኛም ዓይኑን ተከትለን ዞርን። የሞንታና ታርጋ የለጠፈ የተሳቢ ቂጥ ከጎተራው ጥግ ብቅ ብሏል።

"ለአንድ የተበሳ ብረት ይሄ ሁሉ ጩኸት!" ብሎ ደነፋ።

"የተበሳ ነበር" አለች ቬርና። "አንተ እስክትደፍነው።"

ዋንጫው ለእሷ ተሰጠ። ያጨበጨቡት እነዚያው ቅድም ትከሻዬን መትተው ያለፉኝ ናቸው። አንዱ ሊያቅፈኝ ሲመጣ በክርኔ ገፋሁት፤ ፌንጣ ያመነውን ያህል እኔን አላመነኝማ!

ቬርና ፒስተኑን ይዛ ወደ ፎርዷ ሄደች፤ ከጭስ ማውጫው ማርሚታ አፍ ስር መሬት ላይ አቆመችው።

"ግባና አስነሳት" አለችኝ።

"ጥቁር ጭስ ነው የምትተፋው እኮ፣ ቤንዚን በዝቶባታል።"

"ታዲያስ?"

ገብቼ አስነሳኋት። ጭሱ ቡልቅ ብሎ ፒስተኑን ዋጠው። ሲገለጥ ያ የሠርግ ማንኪያ ጥቀርሻ ለብሶ አመድ መስሏል።

"ቀዳዳውስ?" ብዬ ጮህኩ ከሞተሩ በላይ።

"እሱን በመሰርሰሪያ ታወጣዋለህ" ብላ መለሰችልኝ። "አሁን ዝም ብለህ ቤንዚን መስጫውን ርገጠው!"

ረገጥኩት። የፔታዌይን ፊት እያሰብኩ ረገጥኩት።