ቀይ ጨርቁ ተሰቅሎ ሳለ

የሶፉስ እግር በጀሶ ታስሮ ወንበር ላይ ተዘርግቷል። የእህቱ ልጅ ትሮንዱር ያመጣውን የበግ ቋንጣ ለሶፉስ ልጅ ለሱኒቫ ሰጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ግባ እንጂ! እዚህም ግብ ትጠብቃለህ?» አለው ሶፉስ። «ደግሞ ፊትህን አታጨማድድብኝ። ኳሱን ነፋስ ነው የወሰደው። ነፋስ ይከሰሳል?»

«አጎቴ፣ እኔ...»

«ሐኪሙ ከእንግዲህ ጀልባ የለም ብሎኛል። ምን ይደረግ። ዓሦቹ ይረፉ።»

ሱኒቫ ቋንጣውን በስሱ እየቆረጠች፣ «እሁድ በአባባ ቦታ እኔ እቀዝፋለሁ» አለች። «ሌላ ማን አለ? የመንደሩ ሰው ግማሹ ተጫዋች፣ ግማሹ ጯሂ።»

ትሮንዱር የደረሰውን ቁራጭ ሳይቀምስ ሳህኑ ላይ መለሰው።

አርባ አንድ ዓመቱ ነው። በአዘቦት ቀን ሳልሞን እርባታ ይሠራል፤ ለአሥራ ስድስት ዓመታት ደግሞ የፋሮ ደሴቶች ብሔራዊ ቡድን በረኛ ነበር። ትልልቆቹ አገሮች ሰባትም ስምንትም አግብተውበታል። አንድ ዝናባማ ምሽት ግን ከአንዷ ጋር ባዶ ለባዶ ወጣ፤ በማግስቱ ወደብ ሲደርስ ጀልባው ሁሉ ጥሩምባ ነፋለት። ያን ምሽት ያዳነው እጁ ብቻ አልነበረም፤ ሰዓት መግደልም ያውቅበታል።

አሁን ለመንደሩ ቡድን ግብ ይጠብቃል፤ በመንደሩ ሜዳ ደግሞ ሰዓት መግደል ቀላል ነው። ከአጥሩ ማዶ ባሕር ነው፤ ውኃ ውስጥ የወደቀውን ኳስ ሶፉስ በጀልባ ሄዶ በመረብ ያወጣል። ቡድኑ ሲመራ ደጋፊው «ለሶፉስ!» እያለ ይጮኻል፣ ትሮንዱርም ኳሱን ወደ ባሕር ይልክለታል። አንድ ነገር ብቻ ክልክል ነው። ማዕበል ሲበረታ በጀልባው ቤት ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰቀላል፤ ጨርቁ ከተሰቀለ ማንም ሆን ብሎ ኳስ ወደ ባሕር አይመታም።

ባለፈው እሁድ ጨርቁ ተሰቅሎ ነበር። አንድ ለባዶ እየመሩ፣ የቀረው ኳስም አንድ ብቻ ነበር። ትሮንዱር መታው። ሶፉስ ሊያመጣው ወጣ፤ ማዕበሉ ጀልባውን ከዓለት ጋር አላተመው። ሰዉ ሁሉ ነፋስ ነው አለ። የዚህ መንደር ሰው ሌላ ነገር ሊያስብ አይችልም ነበር።

እሁድ ደረሰ፤ የመጨረሻው ጨዋታ ነው። ካላሸነፉ ከሊጉ ይወርዳሉ። ቀይ ጨርቁ እንደገና ይርገበገባል፤ ከአጥሩ ማዶ የሱኒቫ ጀልባ ብቅ ጥልቅ ይላል። አሁንም አንድ ለባዶ ይመራሉ። ዳኛው ሰዓቱን ማየት ሲጀምር አንድ ተከላካይ ደንግጦ ኳሱን ወደ ትሮንዱር መለሰ። በእጅ መያዝ አይፈቀድለትም፤ አጥቂውም እየበረረ ነው።

«ምታው!» አለ ሜዳው በሙሉ።

ከፍ አድርጎ ቢመታው ነፋሱ ወደ ባሕር ይወስደዋል። ትሮንዱር ጀልባዋን አየ። ኳሱን በእግሩ ሸሽጎ ሊዞር ሲል አጥቂው ነጠቀውና ባዶው ግብ ውስጥ አስገባ።

«አንተ ሽማግሌ! ለሳልሞኖችህ ግብ ጠብቅ!»

«ጡረታ ውጣ እቴ!»

ፊሽካው ሲነፋ ጓንቱን እንኳ ሳያወልቅ ወደ ጀልባው ቤት ወረደ። ሱኒቫ እስከ ወገቧ ረጥባ ጀልባዋን እየጎተተች ነበር። አብሯት ጎተተ።

«አበድክ እንዴ? ለምን አልመታኸውም?» አለችው። «ወደ ባሕር ቢሄድ ነፋስ ነው። ማን ይወቅስህ ነበር?»

«ማንም።»

ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ቀይ ጨርቁን አየች።

«ያለፈው እሁድስ?»

«ጨርቁን አይቼው ነበር» አለ ትሮንዱር።

ሱኒቫ መቅዘፊያዎቹን ደረቱ ላይ ወረወረችበት። «ተሸከም። ለአባባ አንተው ራስህ ትነግረዋለህ።»

ዳገቱን ከኋላዋ ወጣ። ሶፉስ ውጤቱን በሬዲዮ ሰምቶ ኖሮ በመስኮቱ «አይዞህ» እያለ እጁን ያወዛውዝለት ነበር።